በወረቀት ሦስት፣ በወንበር አምስት

ለተከበሩት ለንጂ ሙንቺሊ ኢድሪሱ፣
የፉምቦት ላይኛው መናኸሪያ የተራ አስከባሪዎች ሁሉ አለቃ፣ የቢጫዋ መኪናም ባለቤት፣

ጤናዎ እንዴት ነው ጌታዬ? ወገብዎ ደህና ነው? ጉልበትዎ እንደልቡ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል? ዳሌዎስ? ለወሬ ብዬ አይደለም የምጠይቅዎ፣ እርስዎ ዳሌዎን ካመመዎ የመኪኖቻችንን በር ማን በተከበረ መቀመጫው ገፍቶ ይዘጋልናል ብዬ ነው፣ እና አላህ ከነሙሉ አጥንትዎ ያቆይዎ፣ አሜን።

እኔ ራይናቱ ነኝ። ስሜን ላያውቁት ይችላሉ፣ እርስዎ «ቀጭኗ» ነው የሚሉኝ፣ «ቀጭኗን መሃል ክተታት፣ እሷ ቦታ አትፈጅም» እያሉ። ገበያ ውስጥ የቲማቲም ቅርጫት በሳር የምሸፍነዋ ልጅ ነኝ፣ የማማ ሼቱ የእህት ልጅ። ማማ ሼቱን መቼም ያውቋታል፣ ማክሰኞ ዕለት ከመኪናዎ የኋላ በር ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረባት ሴትዮ ነች፣ አክስቴ ትባል እንጂ ያሳደገችኝ እሷ ነች፣ ሌላ እናት አላውቅም።

ፊት ለፊትዎ ቆሜ ልናገር ብል ምላሴ ይደርቅብኛል፣ ስለዚህ በጽሑፍ አደረግኩት፣ ስድስት ቦታ ገልብጬ ለጥፌዋለሁ፣ አንዱ የቢሮዎ በር ላይ ነው፣ አንዱ የቲማቲም መጋዘኑ ግድግዳ ላይ፣ አንዱ መስጊዱ አጠገብ፣ የቀሩትን እየዞሩ ያግኟቸው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነውና ነጥብ የት እንደሚደረግ በደንብ አላውቅም፣ ቢተነፍሱም ባይተነፍሱም ዝም ብለው ያንብቡት፣ እኛም የእርስዎ መኪና ውስጥ እንደዛው ነን።

በመጀመሪያ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ከሁለት ሰዎችዎ ጋር ቤታችን ድረስ መጥተው ስላከበሩኝ በጣም አመሰግናለሁ። ለአክስቴ ሐኪም ቤት የምወስደውን ኩስኩስ እያማሰልኩ ነበር፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ወረቀት ዘረጉልኝ፣ «ልጄ» አሉኝ፣ አዎ ልጄ ነው ያሉኝ፣ «ልጄ፣ እስከ አርብ ጠዋት አስቢበትና አሻራሽን አድርጊ፣ እምቢ ካልሽ ጀንደርሞቹ እጅሽን አስረው ይወስዱሻል፣ ያኔ ንጂ ድረስልኝ እንዳትይኝ።» አንደኛው ሰውዎ ደግሞ በራችንን ተደግፎ «አይዞሽ ቀጭኗ፣ እስር ቤት ቦታው ሰፊ ነው» ብሎ ሳቀ። የእርስዎን የኋላ ወንበር ለለመደ ሰው ይኼ ማስፈራሪያ ሳይሆን ግብዣ ነው፣ ይንገሩልኝ።

እኔም «እሺ ንጂ» አልኩ። ፈርቼ ነው። አሁንም ፈርቻለሁ፣ ውጪ መኪና በቆመ ቁጥር መጻፌን አቁሜ አደምጣለሁ። ግን እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ወረቀቱን አነበብኩት። አታነብም ብለው መሰለኝ ጥለውልኝ የሄዱት። አንዴ አነበብኩት፣ ሁለቴ አነበብኩት፣ በሦስተኛው ፍርሃቴ እንዳለ ሆኖ ከሱ ላይ ሌላ ነገር ወጣብኝ፣ ኩስኩሱ አረረ፣ እኔም አረርኩ።

ያላነበበ ሰው ካለ ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው። «በቢጫዋ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ሦስት ተሳፋሪዎች፣ እነሱም ልብስ ሰፊው ፔፉራ፣ የሽንኩርት ነጋዴው ሙሉህ እና ራይናቱ የተባለች ወጣት፣ እግራቸውን ዘርግተው በምቾት ተቀምጠው ሳለ፣ ራይናቱ ስላቅለሸለሻት ለመውረድ ፈልጋ የበሩን ማሰሪያ በገዛ እጇ በመፍታቷ በሩ ተከፍቶ አንዲት አሮጊት ወድቀዋል።» ከሥሩ ስሜ አለ፣ ከስሜ ጎን ለአውራ ጣቴ የተተወ ባዶ ቦታ አለ። ለጣቴ የተዉልኝ ቦታ ወንበርዎ ላይ ለመላ ሰውነቴ ከተዉልኝ ይሰፋል፣ ለዚህም አመሰግናለሁ።

እባክዎ አይቆጡኝ ንጂ፣ ግን እስከ ሦስት መቁጠር አንደኛ ክፍል ነው የሚያስተምሩት። ሦስቱ ሰዎች እኔ፣ ፔፉራና ሙሉህ ከሆንን አሮጊቷ ከየት መጥታ ወደቀች? ከዛፍ ላይ? አክስቴ በሕይወቷ ብዙ ጉድ አይታለች፣ ሳይሳፈሩ ከመኪና መውደቅን ግን በእርስዎ ወረቀት ነው የጀመረችው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላድርገው፣ ትላልቅ ሰዎች እንደዛ ነው የሚጽፉት።

አንደኛ፣ ስለ ወንበሩ። ስፖንጁ ካለቀ ስንት ጊዜው፣ የበቆሎ ልጣጭ የሞላ ጆንያ ነው የምንቀመጥበት፣ በጆንያው መሃል ደግሞ አንዲት ሞላ ብቅ ብላ መንገዱን ሙሉ ታነቃናለች፣ ተኝተን ዕቃችን እንዳይሰረቅ አስበውልን ነው። ዛሬ ሐሙስ ጠዋት መኪናዋ በቆመችበት የጀንደርሞቹ ግቢ ልብስ ሰፊው ፔፉራ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ወንበሩን ለካው፣ ከበር እስከ በር አንድ ሜትር ከሃያ ስምንት። ለአምስት ሰው ሲካፈል ለአንዱ ሃያ አምስት ሳንቲሜትር ከትንሽ ይደርሰዋል። ፔፉራ ሜትሩን እየጠቀለለ «በዚህ ስፋት የሕፃን ቁምጣ እንኳ አይወጣም» አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዳሌ የለካ ሰው ነው፣ እሱ ካለ አለቀ።

ሁለተኛ፣ ስለ አቀማመጣችን። እርስዎ እንደ ወታደር አሰልጣኝ «አንድ ወደፊት! አንድ ወደኋላ!» ሲሉን እኛም ታዘን አንዳችን ጫፍ ላይ ተንጠልጥለን አንዳችን ከሰው ትከሻ ጀርባ ተወሽቀን እንደረደራለን፣ ይኼን የፈጠረ ጭንቅላት ሽልማት ይገባዋል። ማክሰኞ ዕለት አክስቴ በሩ ጋ፣ ወደፊት። ቀጥሎ እኔ፣ ወደኋላ። ፔፉራ ወደፊት። ከሱ ወዲያ ማማ አጃራ ወደኋላ። ሙሉህ በዚያኛው በር ወደፊት፣ ሙሉህ ብቻውን ሁለት ሰው ነው፣ ቅር አይበለው። ወደኋላ የተባለ ሰው ክንድ የለውም ንጂ፣ እርስዎ ሁልጊዜ ፊት ስለሚቀመጡ አያውቁትም። ቀኝ እጄ ከአክስቴ ጀርባ ነበር፣ ግራ እጄ ከፔፉራ ጭን ሥር ነበር፣ ያውም ደንዝዞ የማን እጅ እንደሆነ ጠፍቶኝ ነበር። ገና ከመናኸሪያ ሳንወጣ አፍንጫዬን በላኝ፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ሲበላኝ ሄደ፣ ማከክ አልቻልኩም፣ በመጨረሻ በአክስቴ ትከሻ አሸሁት። አፍንጫዋን ማከክ ያልቻለች ሴት ከፊት ወንበር ብረት ላይ የታሰረ ቋጠሮ ፈታች ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ ቋጠሮው። የበሩ ቁልፍ ከሞተ ክረምትና በጋ ሄዶበታል። እርስዎ ግን አዛኝ ነዎትና መኪናዋን ጋራዥ ልከው ከሚያለፏት አንድ ቁራጭ ከመነዳሪ አምጥተው፣ መስታወት በሌለው መስኮት አሳልፈው፣ ከበሩ እጀታ እስከ ፊተኛው ወንበር ብረት ድረስ ወጥረው አሰሩት፣ እግርዎን በሩ ላይ ተክለው ነው የጎተቱት። ከዚያ ዞር ብለው ለመናኸሪያው ሕዝብ «ይቺን ቋጠሮ እኔ ራሴ ካልፈታኋት በቀር ሰው አይፈታትም!» አሉ። የጫማ ጠጋኙ ሰምቷል፣ ሙዝ ሻጮቹ ሁሉ ሰምተዋል። የመጀመሪያው ምስክሬ ስለሆኑልኝ አመሰግንዎታለሁ።

ውሸት አልናገርም፣ አቅለሽልሾኛል፣ አውርደኝም ብያለሁ። ድልድዩን እንዳለፍን «ሾፌር፣ በናትህ አውርደኝ፣ ሊያስመልሰኝ ነው» አልኩት። ሾፌርዎ «ዋጪው! ባፉሳም ስንደርስ ትተፊዋለሽ» አለኝ። ሙሉህ ከዚያኛው ጫፍ «እባክሽ እህቴ ወደኔ እንዳትዞሪ» ሲል ፔፉራ «መዞር ቢቻል ኖሮ እኔ ቀድሜ እዞር ነበር» አለው፣ አክስቴ ሳቀች። ስትስቅ ሆዷ ሲንቀሳቀስ ጀርባዋ ክንዴን ይጫነኝ ነበር። ከዚያ የባሕር ዛፎቹ ጠመዝማዛ ጋ ደረስን፣ ሾፌርዎ ፍሬን የሚባል ነገር አያውቅም፣ አምስታችንም አንድ ላይ ወደ በሩ ተጫንን፣ ጧ የሚል ነገር ሰማሁ፣ እና ወንበሩ ሰፋ። ከመናኸሪያ ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ መሳብ ቻልኩ፣ በዚያው ትንፋሽ ነው የጮህኩት፣ ክንዴ ላይ የነበረው ጀርባ የለም፣ በሩም የለም፣ አስፋልቱ ነው የሚታየኝ።

የቋጠሮው ጎማ ተበጠሰ እንጂ አልተፈታም። ቁራጩን ላሳይ እንዳልል መኪናዋ የጀንደርሞቹ ግቢ እስክትደርስ እርስዎ ዘንድ አንድ ቀን አድራ ነበር፣ ስትደርስ ከበሩም ከብረቱም ላይ አንዲት ክር ጎማ የለም። በአንድ ቀን እንዲህ አጽድተው ማስረከብዎ ይደነቃል፣ ወንበሩን ግን ረስተውታል፣ የበቆሎ ልጣጩ እንዳለ ነው።

አራተኛ። ይኼኛውን በምስጋና መልክ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። አክስቴ ጭንቅላቷንም ተመትታ ስለነበር ከድልድዩ በኋላ ያለውን አታስታውስም። ይኼን አውቀው ሰዎችዎን ወደ ልጇ ወደ ሱሌ ላኩበት፣ እናትህን የጣለቻት እቤት ያሳደገቻት ልጅ ነች አስባሉት። ረቡዕ ያን ያረረ ኩስኩስ ይዤ ሐኪም ቤት ስደርስ ሱሌ በር ላይ ቆሞ አየኝ፣ ሱሌ እኮ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ ነው፣ «ራይና፣ እውነት አንቺ ነሽ?» አለኝ። ሳህኑን ከእጄ ወሰደና ራሱ አጎረሳት፣ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ንጂ፣ ስለ ወንበሩ ይቅር ልልዎ እችል ይሆናል። ስለዚያ ሳህን ግን እኔ በሕይወት እያለሁ ይቅርታ የለዎትም፣ ይኼን ከመስጊዱ አጠገብ ለጥፌዋለሁ፣ የወጣ የገባ ያንብበው።

አምስተኛ ይሁን ስድስተኛ ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ ስለ ማማ አጃራ ነው። ማማ አጃራ ማን ነች ለሚል ሰው፣ የንጂ የትንሿ ሚስታቸው እናት ነች፣ ባለፈው እሁድ የተወለደላቸው ሕፃን አያት። አዎ ጌታዬ። ማክሰኞ ዕለት ወደኋላ ብለው ከፔፉራና ከሙሉህ መሃል የወሸቋት ሴት አማትዎ ነበሩ። ለልጅዎ ስም ማውጫ የሚለብሱትን ጨርቅ ሊገዙ ነበር የተሳፈሩት። እንደ ወጋችን አማት ከልጇ ባል ጋር መንገድ ላይ ዓይን ለዓይን አትተያይም፣ ስለዚህ እርስዎን ሲያዩ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ዝም አሉ፣ ያከበሩዎት እሳቸው ናቸው። እርስዎ ደግሞ በሩ አልዘጋ ሲልዎ አንገትዎን በመስኮት አስገብተው «አንቺ ፊትሽን የሸፈንሽው ጆንያ፣ ሆድሽን ሳቢ! የባልሽ አልጋ መሰለሽ?» አሏቸው። መናኸሪያው ሳቀ። ከዚያም ጀርባዎን ሰጥተው በመቀመጫዎ በሩን ሦስት ጊዜ ደቁሰው ዘጉት፣ ሦስቱንም ጊዜ አማትዎ በሻሻቸው ውስጥ ሆነው አይተውታል።

ሰው አድርገው ቢያዩን ኖሮ ያውቋቸው ነበር። እርስዎ ግን የኋላ ወንበር ላይ የሚያዩት ክፍተት ነው፣ ሌላ አያዩም። ከወረቀትዎም ላይ አማትዎን ከአክስቴ ጋር አብረው ሰርዘዋቸዋል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሐኪም ቤት ቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ፣ ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ሦስት የሚለው ጋ ስደርስ «እንደገና አንብቢው» አሉኝ። አነበብኩት። «እኔ የለሁበትም?» አሉ። የሉበትም ማማ፣ አልኳቸው። ጣታቸውን ሲያሹ ቆዩና «ለልጄ ባል ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ፣ ለዳኛ ስል እገልጠዋለሁ» አሉ፣ ተነሥተው ጫማቸውን አደረጉ። ራሳቸው ናቸው ሐኪም ቤት ሄደው ሱሌን ቁጭ አድርገው የነገሩት። ምን እንዳሉት አላውቅም፣ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ሱሌ ሲወጣ አፍሮ ዓይኑን ከኔ አሸሸ፣ ባዶውን ሳህን እጄ ላይ አስቀመጠና «ነገ አንቺ ነሽ የምታጎርሻት» አለኝ። ዛሬ አጉርሻታለሁ።

እንግዲህ ወደ ቀጠሯችን ልምጣ። አርብ ጠዋት ፈርሚ ብለውኝ አልነበር? ቀጠሮዎን አላጠፍኩም፣ ቦታውን ብቻ ነው የቀየርኩት። ዛሬ ወንበሩን ለክተን ስንጨርስ ፔፉራ ጎትቶ ወደ ጀንደርሞቹ አዛዥ አስገባኝ፣ አዲሱ፣ ረጅሙ ሰውዬ። ሁሉንም ነገርኩት። ወጥቶ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየና «አምስት ሰው? እዚህ ውስጥ?» አለ። ፔፉራ «ስንገባ አምስት ነበርን ጌታዬ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ አንድ ሆነናል» አለው። አዛዡ አልሳቀም። የእርስዎን ወረቀት ሁለቴ አነበበና «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችሁም ኑና እንደዚያን ቀን ተቀመጡልኝ፣ ባለቤቱንም እኔ አስጠራለሁ» አለ።

ስለዚህ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ በጀንደርሞቹ ግቢ እንጠብቅዎታለን። ሙሉህ ይመጣል፣ ጠዋት ምንም ሳይቀንስ በልቶ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ፔፉራ ይመጣል። አማትዎ ፊታቸውን ገልጠው ይመጣሉ። እኔ ከተወሸቅኩበት እወሸቃለሁ። የጎደለችው አክስቴ ነች፣ እሷ መቀመጥ አትችልምና በሩ ጋ ያለው ቦታ ክፍት ነው፣ የእርስዎን ያህል ለቦታው የሚመጥን ሰው አላገኘንም። ወረቀትዎ እግር ይዘረጋበታል ይላል፣ እስቲ ዘርግተው ያሳዩን። ቋጠሮውን ሱሌ ያስረዋል፣ የትራክተር ከመነዳሪ አምጥቷል፣ አዲስ ነው፣ አይስጉ፣ እርስዎን የሚጥል ጎማ አይደለም። በሩንም እሱ ነው የሚዘጋው። ሱሌ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ነው፣ በአንዴ ካልዘጋለት ሦስቴ ይሞክራል፣ እርስዎም እንደዚያው ነበር ያደረጉት።

ከተዘጋ በኋላ አዛዡ «ራይናቱ፣ ቋጠሮውን ፍቺ» ይለኛል። እኔም በሙሉ ልቤ እሞክራለሁ፣ እምላለሁ፣ ክንዴ ከጀርባዎ ሥር ሲጎተት ራስዎ ያውቁታል። እጄ ቋጠሮው ጋ ከደረሰ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኜ ወረቀትዎ ላይ አሻራዬን አደርጋለሁ፣ ይውሰዱኝ። ካልደረሰ ግን አዛዡ ሌላ ወረቀት አዘጋጅቷል፣ አምስታችንም በስማችን ተጽፈንበታል፣ ከሥሩ ያለው ስም የእርስዎ ነው፣ ከስምዎ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ አይቼዋለሁ፣ ለአውራ ጣትዎ በደንብ ይበቃል።

በሩ እስኪዘጋ ትንፋሿን ውጣ የምትጠብቅዎት፣ እጅ ነሥታ፣ ወገቧን ሰብራ፣ ከሃያ አምስት ሳንቲሜትሯ ላይ ሆና ረጅም ዕድሜና ሰፊ ወንበር የምትመኝልዎት፣

ቀጭኗ፣ ስሟ ራይናቱ
ከጎኗ አሻራቸውን ያኖሩ፦ ፔፉራ፣ ሙሉህ፣ ማማ አጃራ

ማሳሰቢያ፦ አክስቴ ደብዳቤ እየጻፍኩልዎ መሆኑን ስነግራት ሰላምታ ላኪልኝ አለችኝ። ሐኪም ቤት ለብቻዋ አልጋ ሰጥተዋታል፣ ከግራም ከቀኝም የሚገፋት ሰው የለም፣ እግሯን ዘርግተው በገመድ አንጠልጥለውላታል። «እንዲህ ተመቻችቼ አላውቅም፣ ንጂን አመስግኚልኝ» ብላለች። ሐኪሙ እስከ ሦስት ወር እዚያው ትቆያለች ብሏል፣ ስለዚህ እሁድ ለልጅዎ ስም ማውጫ ስለማትመጣ አይቀየሙ። አማትዎም አይመጡም፣ አስታማሚ ሆነው እሷ ዘንድ ይውላሉ፣ አልጋው ለሁለት ይበቃል።